ቋሚዋና ተለዋዋጯ

ጡረታ የወጣሁት ከእህል መጋዘን ጥበቃ ነው። ስለ ሥራ ዘመኔ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ ግን መጋዘኑን ትቶ ላሊበላ አጠገብ ካለው ከነአኩቶ ለአብ ገዳም በላይ፣ ሸንተረሩ ላይ ስለ ነበረው ትልቅ ዲሽ ነው የሚጠይቀኝ። አሁን ጊዜ አግኝቻለሁ። ልጄ ብርቄም «ሳይጠፋብሽ ጻፊው» እያለች አላስቀምጥ አለችኝ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ ያልገባኝን እንደገባኝ አድርጌ እንዳልጽፍ እየፈራሁ ነው የምጽፈው። የጎደለውን የተማረ ይሙላው።

ወደዚያ ሸንተረር መጀመሪያ የወጣሁት የዲሹን መሠረት ለሚገነቡት ሠራተኞች ወጥ ለመሥራት ነበር። ባሌ ለሰሊጥ አጨዳ ሑመራ ወርዶ በወባ ሞተ፤ ብርቄንና ታናሽ ወንድሟን ብቻዬን ነበር የማሳድገው። ግንባታው ሲያልቅ ፎርማኑ «ድስትሽን ይዘሽ ውረጂ» አለኝ። ድስቱን እየፈተግሁ ሳለ ኢንጂነር ተፈራ መጡ። ረጅም፣ ጎበጥ ያሉ የደሴ ሰው ነበሩ፤ ዲሹን የሚመሩት እርሳቸው ናቸው።

«ትናንት ዕቃ ቤቱን ቆልፈሽ ከሄድሽ በኋላ ለምን ተመለስሽ?» አሉኝ።

የተጠረጠርኩ መስሎኝ ደነገጥኩ። «መቆለፌን ላረጋግጥ ነው ጌታዬ።»

«አረጋግጠሽ ሄድሽ። እንደገና የተመለስሽውስ?»

«ሳረጋግጥ ከፍቼው እንዳይሆን ብዬ።»

አልሳቁም። ለፎርማኑ «እቺ ሴት ትቆይልኝ» አሉት። በዚያው ጥበቃም ጽዳትም ሆኜ ተቀጠርኩ፤ እኔም ከዚያ ወዲያ ጋሽ ተፈራ አልኳቸው። ደመወዙ ትንሽ ቢሆንም ሳይቀር ይመጣ ነበር።

የአገሩ ሰው ዲሹን ቴሌቪዥን የሚያሳይ መስሎት «ይኼን የሚያህል ስንት ጣቢያ ይይዛል?» ይለኛል። አንድም አይይዝም ስል «እና ምን ሊሠራ ተገተረ?» ይላል። በቀበሌ ስብሰባም «ለልማቱ ያለው አስተዋፅኦ ምንድን ነው?» ተብዬ ተጠይቄአለሁ፤ ምን እንደመለስኩ አላስታውስም። በልግ የቀረ ዓመት ደግሞ ወሬው ከፋ፤ ደመናውን የሚያባርረው ዲሹ ነው ተባለ። ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ስቀርብ ሴቶቹ ወሬያቸውን ያቋርጡ ነበር። ልጆቼን ድንጋይ ይወረውሩባቸዋል ብዬ ከትምህርት ቤቱ በር ቆሜ ስጠብቅ ከርሜአለሁ። ማንም አልወረወረባቸውም፤ እኔ ግን መፍራቴን አልተውኩም።

ጋሽ ተፈራ ሥራውን ያስረዱኝ እንዲህ ብለው ነው። ሰማይ ላይ ለየብቻ የምናያቸው ከዋክብት ሁሉ የእኛው መንደር ሰዎች ናቸው። ከመንደራችን ውጭ፣ እጅግ ሩቅ፣ ሌሎች የከዋክብት መንደሮች አሉ፤ ጋላክሲ ይባላሉ። አንዳንዶቹ ከእምብርታቸው የራዲዮ ሞገድ ይልካሉ። ሞገዱን ዓይን አያየውም፤ ጆሮም አይሰማውም። ዲሹ ይሰበስበዋል፣ ክፍሉ ውስጥ ያለው መሣሪያ ያጎላዋል፣ በመጨረሻም አንዲት ብዕር በሚንቀሳቀስ ወረቀት ላይ መስመር ትስላለች። ዲሹ አይከተልም፤ ቆሞ ይጠብቃል። ምድር ስትዞር የምንፈልጋት ራሷ በፊቱ ታልፋለች፤ ስታልፍ መስመሩ እንደ ኮረብታ ቀስ ብሎ ይነሳና ይወርዳል። የኮረብታው ከፍታ ድምቀቷ ነው።

ከሁሉ አብልጠን የምንጠብቃት አንዷ ድምቀቷ የማይረጋ ነበረች። ጋሽ ተፈራ ተለዋዋጯ ይሏታል።

«አንድ ዲሽ ድምቀቷን እንጂ መልኳን አያሳይም» ይሉኝ ነበር። «ከገደል ማዶ ሰው ሲጣራ ድምፁ ከፍ ዝቅ ማለቱን ትሰሚያለሽ። አንድ ሰው ይሁን ሁለት፣ ቆሞ ይሁን እየሄደ፣ ያን ግን አታውቂም።»

መልኳን ለማወቅ በተራራቁ አገሮች ያሉ ዲሾች አንድ ላይ ሊያዩዋት ይገባል። እንደዚያ ሆኖ የተሠራ ሥዕሏን ግድግዳው ላይ ለጥፈውት ነበር። መሃል ላይ ደማቅ እምብርት አለ። ከእምብርቱ በአንድ ወገን ከጠባብ ቧንቧ እንደሚፈናጠር ውኃ ቀጭን ነገር ይወጣል፤ በቀጭኑ ላይ እንደ መቁጠሪያ ፍሬ አልፎ አልፎ ቋጠሮ ይታያል። ቋጠሮዎቹ ከዓመት ዓመት ከእምብርቱ እየራቁ ይሄዳሉ። አዲስ ቋጠሮ ከመውጣቱ በፊት ብዙ ጊዜ እምብርቱ ይደምቃል።

«እኛ ምጥ መጀመሩን ነው የምንናገረው» አሉኝ። «ሕፃኑን የሚያዩት ሌሎቹ ናቸው።»

ይህን የነገሩኝ ቀን ሥራው ገባኝ። ገብቶኝም ሥጋቴ ጨመረ፤ ምጥ ላይ ያለችን ሴት ትቶ እንቅልፍ የሚወስደው ማን ነው?

የእኔ ድርሻ ብዙ ነበር። የዲሹን አፍ የሚሸፍነውን ሸራ ጤዛ ሲያረጥበው በደረቅ ጨርቅ አደርቀዋለሁ፤ ውኃ ሞገዱን ያደክመዋል። ጭላዳዎች ገመዱን እንዳይበሉት አባርራለሁ። ወደ ክፍሉ የሚገባ ሰው ሁሉ ስልኩን አጥፍቶ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ እንዲያስቀምጥ አደርጋለሁ፤ የወረዳ ሹም እንኳ አስቀምጧል። በኋላ ወረቀቱን መቀየርና ሰዓቱን መጻፍም አስተማሩኝ። ጋሽ ተፈራ ሲገቡ መዳፋቸውን በሱሪያቸው ይጠርጉና መሣሪያው ያለበትን ሣጥን ይዳስሳሉ። ሞቆ ከሆነ የዚያን ሰዓት መስመር አያምኑም። ያን ከእርሳቸው ወስጃለሁ፤ የልጅ ግንባር እንደምዳስስ እዳስሰው ነበር።

ሌላው ልማዳቸው ቋሚዋን መጠየቅ ነው። ቋሚዋ የምንላት ሌላ ናት፤ ሰፊ፣ አሮጌ፣ በሰው ዕድሜ ድምቀቷ የማይለወጥ።

«ተለዋዋጯን ብቻ ካየሽ፣ የተለወጠችው እሷ ትሁን ወይስ የአንቺ ዕቃ በምን ታውቂያለሽ?» ይላሉ።

ስለዚህ ዲሹ መጀመሪያ ቋሚዋን ያያል፣ ከዚያ ተለዋዋጯን፣ በነጋታው መልሶ ቋሚዋን። የሁለቱ መንገድ በሰማይ ላይ አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ያለ ስለሆነ፣ በየመሃሉ ዲሹን በሞተር ማንሳትና ማውረድ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ አድርገው እንኳ «ደመቀች» አይሉም። «የደመቀች መሰለኝ» ነው የሚሉት።

አንድ ክረምት መብረቅ የመብራቱን መስመር መታና ኃይሉን እኩል የሚያደርግልንን ስታቢላይዘር አቃጠለው። መሥሪያ ቤቱ «ይላካል» አለ። ስንጠብቅ ቆየንና መሣሪያውን በቀጥታ ከመስመሩ ጋር አገናኘነው። በዚያው ሰሞን የዲሹ ሞተር ደከመ፤ ማርሹን በእጅ የሚያግዝ መካኒክ ከላሊበላ ካልመጣ ዲሹ አይነሳም። መካኒኩ የሚመጣው ደግሞ በገበያ ቀን ነው። ስለዚህ ዲሹን ሳምንቱን ሙሉ በተለዋዋጯ መንገድ ላይ አቁመን፣ ቋሚዋን በገበያ ቀን ብቻ ማየት ጀመርን። ጋሽ ተፈራ አልወደዱትም። ቋሚዋ ግን በየገበያው ቀን ያው ነበረች። እርሳቸውም እፎይ አሉ።

ከዚያ ተለዋዋጯ ያልለመድነውን ማድረግ ጀመረች። ለቀናት ዝቅ ብላ ትቆይና አንድ ቀን ድንገት ከፍ ትላለች፤ በነጋታው ትመለሳለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ ከፍ። በአንድ ቀን የሚለወጡ እንዳሉ በሌላ አገር ታይቷል፤ እንደዚህ የሚሆኑት እምብርታቸው እጅግ ጠባብ የሆነባቸው ናቸው አሉኝ ጋሽ ተፈራ። መብላት ቀነሱ። ወራት ጠብቀው፣ ቋሚዋን ደጋግመው አይተው፣ በመጨረሻ ወደ አዲስ አበባ ጻፉ።

መልሱ ፈጥኖ መጣ። በውጭ አገር ያሉት ዲሾች አዲሱን ቋጠሮ ለማየት ጊዜ ሰጥተዋል፤ የእኛም ዲሽ አብሯቸው ሊያይ ነው። ከአለቆቹ አንድ ዶክተር ከአንድ ፈረንጅ ጋር መጥተው ያያሉ። ካመኑበት አዲስ ሞተር ይመጣል፣ ሠራተኛውም ይቆያል። ካላመኑበት ጣቢያው መዘጋቱ አይቀርም፤ ስለ መዘጋት ከዚያ በፊትም ሲወራ ነበር። ብርቄ ያኔ ላሊበላ ከተማ ቤት ተከራይታ ለመልቀቂያ ፈተና የምትዘጋጅበት ዓመት ነበር። እኔ ቋጠሮውን የጠበቅሁትን ያህል የጠበቀው ሰው ያለ አይመስለኝም።

እንግዶቹ ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው ነው ነገሩ የሆነው። የአዘቦት ቀን ነበር፣ ረፋድ ላይ። ተለዋዋጯ እያለፈች ነው፤ ብዕሯም ከፍ ብላ ወጣች። ጋሽ ተፈራ ወንበር ስበው ተቀመጡ። ትንሽ ቆይተው ከወረቀቱ ቀና አሉ።

«ዛሬ በዓል ነው እንዴ?»

«አይደለም። ምነው ጋሼ?»

«አገሩ ዝም ብሏል።»

አዳመጥኩ። እውነትም ከታች በኩል ሁልጊዜ የሚሰማው የወፍጮው ድምፅ የለም። ወዲያው ሰይድ እያለከለከ ዳገቱን ወጣ። ሰይድ ከወልድያ በኩል መጥቶ ከእኛ ሥር የመብራት ወፍጮ የተከለ ሰው ነው።

«ኢንጂነር፣ ወፍጮዬን የሚያዞረው ቺንጋ ተበጠሰ» አለ። «ለክፉ ቀን የምትሆን የጎማ ቁራጭ አያጡም ብዬ ነው።»

ጋሽ ተፈራ የጎማውን ነገር አልመለሱለትም። «ወፍጮህ መብራት የሚያገኘው ከየት ነው?»

«ከእናንተው መስመር ነዋ። ወላሂ በደንብ አስፈቅጄ ነው።»

«በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔዓለም ትፈጫለህ?»

«ማን እህል አምጥቶልኝ? እናንተ ስታርፉ እኔም አርፋለሁ። ከወሩ እኩሌታውን ክርስቲያን ነኝ ማለት ነው።»

«በገበያ ቀንስ?»

«ገበያ በዓል አያውቅም ኢንጂነር። በገበያ ቀንማ ምሳም አልበላ።»

ጋሽ ተፈራ ፊታቸው አመድ መሰለ። እኔ ወዲያው አልገባኝም። ቀስ ብለው ነገሩኝ። ወፍጮው ሲሠራ የመስመሩን ኃይል ይስባል፤ ያኔ መሣሪያችን ሞገዱን የሚያጎላው በጥቂቱ ነው። ወፍጮው ሲቆም አብልጦ ያጎላል። ቋሚዋን የምናያት በገበያ ቀን ስለሆነ ወፍጮው ምንጊዜም ይሠራል፤ እሷም ምንጊዜም ያው ትመስላለች። ተለዋዋጯ የምትደምቀው በበዓል ቀን ነው። የምንጽፈው በፈረንጅ ቀን ስለነበር የሚካኤልና የማርያም ቀን ወረቀቱ ላይ አይታይም፤ እሑድ ደግሞ እኛም መሣሪያውን አንከፍትም ነበር።

«የቄስ ልጅ ነኝ» አሉ። «የወሩን በዓል ሁሉ በቃሌ እወጣዋለሁ።» ከዚያ ተነሡ። «እስካሁን ግምት ነው። ቋሚዋን እንጠይቃት።»

መካኒኩ የለም። ማርሹን የያዝነው እርሳቸው፣ እኔና ሰይድ ነን።

«የራሴን ወፍጮ ትቼ የእናንተን ልፈጭ ነው?» አለ ሰይድ እየገፋ።

«ግፋ፣ አትሳቅ» አልኩት።

«አልሳቅሁም እህት ይመኙ፤ ጥርሴን ነክሼ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ቋሚዋ አለፈች። ብዕሯ ተነሣች፣ ተነሣች፣ ሁልጊዜ ከምትቆምበት አልፋ ወጣች። ጋሽ ተፈራ በማስመሪያ ለኩት። ተለዋዋጯ ጠዋት የጨመረችውን ያህል ቋሚዋም ጨምራለች። የማትለወጠዋ ደመቀች። ሌላ ማረጋገጫ አያስፈልግም ነበር፤ ያለፉትን ቀናት ከበዓላቱ ጋር ማስተያየት ለማዘን ያህል ብቻ ነው የሆነው።

ሰይድ ነገሩ ሲገባው «ኢንጂነር፣ ጥፋቱ የእኔ ከሆነ እንግዶቹ ሲመጡ እዘጋታለሁ። ቺንጋው አልተገኘም ብዬ እቀመጣለሁ» አለ።

ጋሽ ተፈራን አየኋቸው።

«ከዚያስ?» አሉት። «ያን ሁሉ ዲሽ አዙረው ሲያዩ የሚያገኙት ምንድን ነው? ያልወለደች ሴት ቤት ገንፎ ይዞ መሄድ ነው።»

«ጋሼ» አልኩ፣ «ቢያንስ ቶሎ አይናገሩ። ብርቄ ዘንድሮ ፈተና አላት።»

«አውቃለሁ ይመኙ» አሉ። ደግሜ አልለመንኳቸውም።

እንግዶቹ እስኪመጡ የነበሩትን ቀናት መጻፍ ይከብደኛል። ሥራዬ ቢቀር የብርቄን የቤት ኪራይ ማን ይከፍላል፣ ትምህርቷን አቋርጣ ሆቴል አልጋ ልታነጥፍ ነው፣ እያልኩ ስሄድ እግሬ ይሰናከል ነበር። የክፍሉን በር ቆልፌ እመለሳለሁ፣ እፈትሻለሁ፣ ደግሞ እመለሳለሁ። ጋሽ ተፈራ አንድ ጊዜ አይተውኝ «ተቆልፏል፤ እኔም አይቼዋለሁ» አሉኝ።

እንግዶቹ መጡ። ስልካቸውን በሣጥኑ አስቀመጡ። ወንበር ጠርጌ ሳቀርብ ጋሽ ተፈራ እጃቸውን አነሡ።

«ከመቀመጣችሁ በፊት የምነግራችሁ አለ። ደመቀች ብዬ የጻፍኩላችሁ አልደመቀችም። የተለወጠው የእኛው ዕቃ ነው።»

ዶክተሩ ወጣት ሰው ነበር፤ ለጋሽ ተፈራ አክብሮት ነበረው። «የትኛው ቀን ነው የሚጣለው?» አለ።

«ስታቢላይዘሩ ከተቃጠለ ወዲህ ያለው በሙሉ።»

«ጋሽ ተፈራ፣ እነዚያ ሰዎች የሌላ ሰው ተራ ወስደው ነው ለእኛ የሰጡን። ምን ልበላቸው?»

«ወፍጮ ነው በላቸው።»

ዶክተሩ ለፈረንጁ ተረጎመለት። ፈረንጁ ይስቃል ብዬ ነበር፤ አልሳቀም። ወደ ውጭ ወጥቶ ቁልቁል ወደ ሰይድ ወፍጮ እያየ ለረጅም ጊዜ ቆመ። ወፍጮው ያኔ እየፈጨ ነበር። ዶክተሩ ወረቀቱን እያገላበጠ «ስታቢላይዘሩን በጊዜው ልከን ቢሆን...» ብሎ ጀመረና ተወው። ጋሽ ተፈራም «እኔም አንዴ እንኳ በማርያም ቀን ቋሚዋን አይቻት ቢሆን ኖሮ» አሉ። ከዚያ ሻይ አቀረብኩ። ማንም አልጨረሰውም።

አብሮ የማየቱ ነገር ቀረ። ቆይቶም ውሳኔው በስልክ ተነገረን፤ መሣሪያው ተነቅሎ ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል፣ ጋሽ ተፈራም አብረውት ወደ ቢሮ ሥራ። እኔ ወደ እህል መጋዘኑ እንድዛወር ያስደረጉት እርሳቸው ናቸው፤ ለማን ደውለው እንደለመኑ አልነገሩኝም። የፈራሁት አልደረሰም፤ ብርቄ ፈተናዋን ተፈተነች። የእርሳቸው ግን አበቃ። ስንት ዓመት የጠበቋትን ሊተዉ ነው፤ የመጨረሻውን ወራት ሁሉ ደግሞ ራሳቸው ጥለውታል።

«አንድ ቀን በትክክል ባያት ደስ ይለኛል» አሉኝ። «ደመቀችም አልደመቀችም፣ የታመነ ነገር ይዤ ልሂድ።»

መሣሪያውን የሚነቅሉት በገበያው ማግስት ነበር። ለሦስት ከገፋነው ወዲህ ማርሹ ያለ መካኒክ አልንቀሳቀስ ብሏል፤ መካኒኩ የሚመጣው ደግሞ በገበያ ቀን ነው፤ ስለዚህ ያለው ቀን እሱ ብቻ ነው፤ ለሰይድ ደግሞ ከሳምንቱ ሁሉ ዋናው የሥራ ቀኑ። እንዴት ብዬ እንደምለምነው እያሰብኩ ወረድኩ። ገና አፌን ሳልከፍት «ሰምቻለሁ» አለ። «እዘጋታለሁ። ሲጨርሱ ከላይ ሆነሽ ነጠላሽን አውለብልቢልኝ፤ እስከዚያ አልነካትም።»

ያን ቀን ከላሊበላ ገበያ የሚመለሰው ሰው እህሉን በአህያ ጭኖ ከወፍጮው ደጅ ተሰበሰበ። ሰይድ በሩን ዘግቶ ደፉ ላይ ተቀምጧል። ጫጫታው ሸንተረሩ ላይ ድረስ ይሰማል።

«ምነው፣ ማን ሞተ?» አለች አንዷ።

«ለኢንጂነሩ ነው» አለ ሰይድ።

«ኢንጂነሩ ዱቄት አይበላም እንዴ?»

«ዛሬን ይጾማል። ቁጭ በሉ።»

በእኔ ላይ ሊነሡ ነው ብዬ ከዲሹ ጀርባ ቆሜ ቁልቁል አየሁ። ቀስ በቀስ ግን አንዱ ጭነቱን አወረደ፣ ሌላዋም ጆንያዋ ላይ ተቀመጠች።

ላይ መካኒኩ ማርሹን እየገፋ ጋሽ ተፈራ ተለዋዋጯን አዩ፤ ዲሹን አንሥተን ከሰዓት በኋላ ቋሚዋን አየን። ሣጥኑን ዳሰሱ። አልሞቀም። ሁለቱን ኮረብታዎች ለኩ፣ አካፈሉ፣ እንደገና ለኩ።

«አልደመቀችም» አሉኝ። «አልደበዘዘችምም። መብረቁ ሳይመታን በፊት እንደተውኳት ናት።»

«ታዲያ ይህ ደግ ነው ክፉ?» አልኳቸው።

«እውነት ነው» አሉ።

ወደ ውጭ ወጥተን ከዲሹ ሥር ቆምን። ታች ሰዉ ወደ እኛ ያያል። ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርጄ ይዣለሁ፤ ጋሽ ተፈራ «በይ» እስኪሉኝ እጠብቃለሁ። «በይ» ለማለት ብዙ ቆዩ። ሰዉን አስጠበቅን ብዬ ፈራሁ፤ ይሁን እንጂ አላስቸኮልኳቸውም። በመጨረሻ «በይ» አሉኝ። ነጠላዬን አውለበለብኩ፤ ሰይድ በሩን ከፍቶ ገባ፤ ወፍጮው ተነሣ።